ፍራንክ ቦውሊንግ የሰውን ምስል ሲተው ታሪኩንም ትቷል ማለት ይቻላል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው የጉያና ተወላጅ የሆነውን የፍራንክ ቦውሊንግን ሥዕሎች በተሠሩበት ቅደም ተከተል ስመለከት ሰንብቼ አንድ ነገር አልገባኝ ስላለ ነው የምጽፈው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለማኞችንና ምጥ የያዛትን ሴት ይሥል የነበረው ሰው፣ ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሸራው ላይ ከቀለም በቀር የሚለይ ነገር አይታይም። አገሩ ከቅኝ ግዛት የወጣችው በ1966 ነው፤ የሚተርከው ብዙ ነገር እያለው ሰውን ከሸራው ማውጣቱ ታሪኩን እንደ መተው አይቆጠርም?

መልስ 1

ሽግግሩ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም። ቦውሊንግ በ1934 በጉያናዋ ባርቲካ ተወልዶ ያደገው በዚያው አገር ባለችው በኒው አምስተርዳም ከተማ ሲሆን፣ እናቱ በዚያ መኖሪያና ሱቅን አንድ ላይ የያዘ ቤት ነበራቸው። በ1953 ወደ ለንደን ሄዶ በ1962 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ከሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በብር ሜዳሊያ ተመረቀ። ከ1964 እስከ 1966 የሠራውን «መስታወት» የተሰኘ ሥዕል ቢመለከቱ ጥያቄዎ በከፊል ይመለሳል ብዬ አምናለሁ። መሃል ላይ የኮሌጁ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ ሰዓሊው ራሱ ከላይም ከታችም ይታያል፤ በዙሪያቸው ግን አንዱ ክፍል የጌጥ ጥለት፣ ሌላው ክፍል ንጹሕ የቀለም መደብ ሆኖ ስለተሠራ፣ ሁለት የአሣሣል መንገዶች በአንድ ሸራ ላይ የሚከራከሩ ይመስላሉ።

በ1966 ኒውዮርክ ከገባ በኋላም የእናቱን ቤት ፎቶግራፍ በስክሪን ማተሚያ ሸራ ላይ እያተመ በላዩ ቀለም ያፈስ ነበር። ቤቱ ቀስ በቀስ እየደበዘዘ ሄዶ በቦታው የደቡብ አሜሪካና የአፍሪካ ካርታ ተተካ። ካርታው ሰውም ዕቃም አይደለም፤ ሆኖም ባዶ ቅርጽም አይደለም። በ1971 በኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለብቻው ያቀረበው ዐውደ ርእይ የእነዚህ ግዙፍ የካርታ ሥዕሎች ነበር።

መልስ 2

ከላይ በተባለው ብስማማም፣ ካርታውን እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ብቻ ማየት የሚያሳንሰው ይመስለኛል። ርዕሱ የባሪያ ንግድ መርከቦች አፍሪካውያንን ያጋዙበትን የአትላንቲክ ጉዞ የሚያስታውሰውን የ1970 ሥዕል ይውሰዱ፤ ቢጫና ቀይ በሸፈነው ሸራ ውስጥ የአህጉራት ጠርዝና የቤተሰቡ ፊቶች ብቅ ብለው ይጠፋሉ። አንድን መርከብ አጥርቶ ቢሥል ኖሮ ዓይናችን መርከቡን ለይቶ ያልፍ ነበር፤ እዚህ ግን እየፈለግን እንቆያለን።

ሌላም መዘንጋት የሌለበት ነገር አለ። በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ ጥቁር ሰዓሊ የሕዝቡን ትግል በግልጽ ምስል እንዲያሳይ ብርቱ ግፊት ነበረ። ቦውሊንግ ከ1969 ጀምሮ በአርትስ መጽሔት ላይ ሲጽፍ ጥቁር ሰዓሊ በረቂቅ ሥዕል፣ ማለትም ሰውን ወይም ዕቃን ለይቶ በማያሳይ ሥዕል፣ የመሥራት ሙሉ መብት እንዳለው ተከራክሯል። እርስዎ መተው ያሉትን እኔ የማየው፣ ምን መሣል እንዳለበት ሌሎች እንዳይወስኑለት እንደ መከላከል አድርጌ ነው፤ ለዚህም ትልቅ አክብሮት አለኝ።

መልስ 3

እኔ ራሴ ሰዓሊ ስለሆንኩ ስለ አሠራሩ ልጨምር። ከ1973 ጀምሮ ካርታውንም ትቶ፣ ሸራውን ዘንበል በሚል መደገፊያ ላይ እያስቀመጠ አክሪሊክ ቀለም እስከ ሁለት ሜትር ከሚደርስ ከፍታ ያፈስ ነበር። ይህ በዕድል የሚገኝ ውጤት እንዳይመስላችሁ፤ የቀለሙ ውፍረት፣ የመደገፊያው ዝንባሌና ሁለተኛው ቀለም የሚከተልበት ቅጽበት ካልተመጠነ ሁሉም ተቀላቅሎ ጭቃ ይሆናል። ሞክሬው ስለማውቅ ነው እንዲህ የምለው። በ1980ዎቹ ደግሞ ጄልና የፎም ቁራጭ እየጨመረ ገጹን እንደ ወንዝ ዳር አሻከረው፤ በአሥርት ዓመቱ መጨረሻ የሠራቸው፣ በለንደኑ ወንዝ በቴምዝ የተሰየሙት ሥዕሎች ከዚህ የወጡ ናቸው። የጉያና ባሕር ዳር ሜዳ ከከፍተኛ ማዕበል በታች የሚገኝ፣ በግንብ የሚጠበቅ ምድር ነው፤ ያን ያህል ውኃና ብርሃን ያለበትን ሸራ ሳይ ከለንደን ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «መስታወት»ን እንደገና አየሁት፤ ከዚህ በፊት ያላስተዋልኩት ከታች የቆመው ሰው ፊት በቀለም መሟሟት መጀመሩን ነው። አንድ ነገር ግን አሁንም ያስቸግረኛል፦ ስለ ባሕሩ ጉዞ ያለውን ሥዕል ርዕሱን ሳላውቅ ባየው ኖሮ ታሪኩን አገኘው ነበር?

መልስ 2

ምናልባት ጉዞውን አያገኙትም። የአፍሪካን ጠርዝ ግን ያገኙታል፤ እሱን ካገኙ በኋላ ቀይ ቀለሙን እንደ ቀይ ቀለም ብቻ ማየት ያስቸግርዎታል።