የባሕር ዳር የሰፈር መረጃ በሬዲዮ፦ ፕሮፖዛሉን አብረን እናውጣ

ጸሐፊ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ ባለፈው ስብሰባ ያልተቋጨውን ነገር እዚህ እንጨርሰው። ሃሳቡ ለባሕር ዳር ነዋሪ የየቀኑን የከተማ መረጃ በሬዲዮ የሚያደርስ ፕሮግራም ማስጀመር ነው። «ሬዲዮ እያለ ምን ሬዲዮ ያስፈልጋል» ላላችሁት፣ አሚኮ (የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን) ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ነው፣ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም በኩር ጋዜጣም ከዚሁ ነው የሚወጣው፣ ግን የሚሠራው ለክልሉ በሙሉ ነው፣ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ በኽምጥኛ በኦሮምኛም ያሰራጫል፣ ከዋግ እስከ ሸዋ ያለውን ይዞ ዛሬ ሽምብጥ ሰፈር ውሃ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ይንገረን ማለት ይከብዳል። አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ሲመረቅ ርዝመቱ 380 ሜትር መሆኑን አገር ሁሉ ሰምቷል፣ ማዶ የሚኖር ሰው ግን የሚፈልገው ታክሲው በየት በኩል ነው የሚሄደው የሚለውን ነው። የውሃ ፈረቃ፣ መብራት የሚቋረጥበት ሰፈር፣ የጤፍና የሽንኩርት ዋጋ፣ የጠፋ ልጅ፣ የእድር ጥሪ፣ ይሄ ሁሉ አሁን የሚዞረው በቴሌግራም ነው። ዳታ የሌለውስ? በ2015 መጨረሻ ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ስንት ወር እንደከረመ አንረሳውም፣ ያኔ ሰው ወይ ከጎረቤት ወይ ከሬዲዮ ነበር የሚሰማው። ሃሳባችሁን ጻፉ፣ እኔ ወደ ረቂቁ አስገባዋለሁ።

ጀልባ ነጂ፦
እኔ የውሃውን ነገር ልናገር ምክንያቱም ማንም አያነሳውም። ጣና ጠዋት ጸጥ ይላል ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ግን ሌላ ነው፣ ከዘጌ ማገዶ ጭነው በደንገል ታንኳ የሚመጡት ሰዎች መመለሻቸው ከነፋሱ ጋር ይገጥማል። ጠዋት አንድ ሰው ወደብ ላይ ቆሞ ሰማዩን አይቶ «ዛሬ ከስድስት ሰዓት በፊት ተመለሱ» ቢል እና ያ ነገር በሬዲዮ ቢነገር ሕይወት ያድናል ብዬ ነው የማምነው። ሬዲዮ የላቸውም እንዳትሉ፣ ባለ ቁልፏ ስልክ ውስጥ ኤፍ ኤም አለ፣ የኢርፎኑ ገመድ አንቴናው ነው፣ እኔ ጋ የሚሳፈሩት ግማሾቹ አንዱን ጆሮ ገመዱ ላይ አድርገው ነው የሚሄዱት። ዓሣውንም አትርሱ፣ ነጩ ዓሣ በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣል በዛ ሰዓት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መጣል ዘሩን ማጥፋት ነው፣ ወቅቱ ሲደርስ ደጋግሞ የሚያስታውስ ያስፈልጋል።

ከገበያ፦
እኔ ዋጋው ላይ ስጋት አለኝ። ሬዲዮ ላይ «ሽንኩርት ይህን ያህል ነው» ከተባለ ያቺን ቁጥር ይዞ የሚመጣ ገዢ ከእኛ ጋር ይጣላል፣ ነጋዴውም በርካሽ የገዛውን ሬዲዮው ባለው ከፍ አድርጎ ይሸጣል። ስለዚህ አንድ ቁጥር አይነገር፣ ከዚህ እስከዚህ ይባል፣ የት ገበያ እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደተጠየቀ አብሮ ይነገር፣ ቅዳሜ ደግሞ ሁለቴ ይጠየቅ ምክንያቱም የቅዳሜ ጠዋትና የቅዳሜ ማታ ዋጋ አንድ አይደለም። ሰዓቱንም አስቡበት እባካችሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እኛ መንገድ ላይ ነን ወይ ዕቃ እያወረድን ነው፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ቡና ሲፈላ ከሆነ ግን እቤት ያለውም የሚወጣውም ይሰማል።

ቴክኒክ የሚያውቀው ልጅ፦
የራሳችን ጣቢያ ይኑረን ለምትሉት፣ በሕግ መንገዱ አለ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የማኅበረሰብ ብሮድካስትን ከሕዝብና ከንግድ ብሮድካስት ለይቶ አስቀምጦታል፣ ለትርፍ የማይሠራ ነው፣ ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ነው። ግን ፈቃድ አንድ ነገር ነው ጣቢያውን በሕይወት ማቆየት ሌላ። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፣ አንቴናው ካልታየህ አይደርስህም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ከትራንስሚተሩ ጉልበት በላይ የማስቱ፣ አንቴናው የሚቆምበት ምሰሶ፣ ከፍታ ነው የሚወስነው። ወደ ሐይቁ በኩል ሜዳ ስለሆነ ጥሩ ይሄዳል ጭንቀቱ ከተማው ውስጥ ሕንፃ ጀርባ ያለው ሰፈር ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጣቢያው አብሮ ይጠፋል፣ ሰው መረጃ አጥብቆ የሚፈልገው ደግሞ ያን ጊዜ ነው፣ ጀነሬተርና ነዳጅ ከመጀመሪያው በጀት ውስጥ ካልገባ በወር ውስጥ እንዘጋለን። የእኔ ሃሳብ መጀመሪያ የአሚኮ የባሕር ዳር ኤፍ ኤም 96.9 ላይ በየጠዋቱ አጭር ሰዓት እንጠይቅ፣ እዛ እየሠራን ልጆቹ ይልመዱ፣ አድማጭም እናፍራ፣ ፈቃዱን በዛ ልምድ እንጠይቅ።

ሰብሳቢ፦
ልጆቼ ሁላችሁም በደንብ ተናገራችሁ። እኔ አንድ ነገር አጥብቄ የምለው ማጣራቱ ላይ ነው። ባንድ ወቅት በሰፈራችን በሕይወት ያለ ሰው ሞተ ተብሎ በስልክ ዞሮ ቤተሰቡ ከገጠር እያለቀሰ ገብቷል፣ ይሄ በሬዲዮ ቢሆን ኖሮ አስቡት። የሞት ወሬ ከእድሩ ዳኛ ወይ ከቤተሰቡ አፍ ካልተሰማ አይነገር። የጠፋ ልጅ ከሆነ ወላጁ ፖሊስ ጋ ማመልከቱ ይጣራ፣ ሲገኝም መገኘቱ በዛው ሰዓት ይነገር፣ ልጁ ተገኝቶ ሳምንት ሙሉ ጠፋ እየተባለ የሚፈለግ ነገር መቅረት አለበት። የተሳሳተ ነገር ከተነገረ በማግስቱ በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ይታረም እንጂ መጨረሻ ላይ በሹክሹክታ አይሁን። ስፖንሰርም ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ግን ስለ ውሃ መቋረጥ ዝም በሉ የሚል ስፖንሰር ከሆነ ገንዘቡ ይቅርብን።

ጸሐፊ፦
አያ፣ ስለ ማጣራቱ ያልከውን በራስህ ቃል አስገብቼዋለሁ። እስካሁን የተስማማንበት እንዲህ ሆኖ ወደ ረቂቁ ገብቷል፦ ጥያቄያችን ለኤፍ ኤሙ ይቀርባል፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት፣ መጀመሪያ ውሃና መብራት ቀጥሎ የሐይቁ ሁኔታ ከዛ ገበያ፣ የእድርና የጠፋ ሰው ጥሪ ሲኖር ከሁሉም ይቀድማል። የማኅበረሰብ ጣቢያው ለሁለተኛ ምዕራፍ ተቀምጧል። የጎደለው ወደቡ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚደውልልን ሰው ነው፣ ወንድሜ ጀልባ ነጂው፣ ከጓደኞችህ ጋር ተነጋግረህ ተራ አውጡልን፣ ገበያውንም እህታችን ሰው ታስመድባለች። የቴክኒኩ ልጅ የነዳጁንና የጀነሬተሩን ወጪ ከሱቅ ጠይቆ ይዞ ይምጣ፣ ለሁለተኛው ምዕራፍ በጀት ያስፈልገናል። ፊርማው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ።