እማዬን በየትኛው መርከብ ልውሰዳት?

ሰላም ቤተሰብ፣ እባካችሁ እርዱኝ። የምኖረው ለገጣፎ ነው። ሮም ያለችው እህቴ እኔንና እማዬን በመርከብ ልታዝናናን አስባለች። መነሻው ቺቪታቬኪያ ወደብ ነው። ከመርከብ ድርጅቶቹ ኤምኤስሲ ይሁን ኮስታ? መወሰን አቃተን። የትኬቱ ዋጋ ተቀራራቢ ነው፤ መጠጥ፣ ኢንተርኔትና የየቀኑ የአገልግሎት ክፍያ ሲደመር ግን ግራ ገባኝ።

እማዬ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች። ጉልበቷንም ያማታል። ትናንት ማታ የመርከቡን ካርታ ስልኬ ላይ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ በጣቷ ተከተለችውና፣ “ከመኝታዬ እስከ ምግቡ ይሄ ሁሉ ነው?” አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

አንዱ ጉዞ ቱኒዚያን ነክቶ ይመለሳል። ከሼንገን (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ወጥቶ ለመመለስ ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ ቪዛ ያስፈልጋል። እሱን ጉዞ ልተወው እንዴ? የጾም ምግብስ የቱ ላይ ይሻላል? የሄዳችሁበት ንገሩኝ።