ዲኦ ተማሪ ነኝ፣ ካርዲዮሎጂ እፈልጋለሁ፤ ኮምሌክስ ብቻውን ይበቃኛል?

ሁለተኛ_ዓመት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና (ዲኦ) ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ዲኦ እንደ ኤምዲ ሁሉ ሙሉ ሐኪም የሚያደርግ ዲግሪ ነው። ሐሳቤ ኢንተርናል ሜዲስን (የውስጥ ደዌ) ሬዚደንሲ፣ ማለትም ከምረቃ በኋላ ያለው የስፔሻሊቲ ሥልጠና ገብቼ፣ ከዚያ ካርዲዮሎጂ (የልብ ሕክምና) ፌሎሺፕ፣ ማለትም የሰብ ስፔሻሊቲ ሥልጠና መቀጠል ነው። የዲኦዎች የፈቃድ ፈተና የሆነው ኮምሌክስ ሌቨል 1 እየደረሰብኝ ነው። ከክፍሌ ልጆች ብዙዎቹ የኤምዲዎቹን ፈተና፣ ስቴፕ 1ን ደርበው ሊወስዱ ነው። ሌሎቹ ደግሞ “ሬዚደንሲው እኮ አንድ ሆኗል፣ ምን አደከመሽ?” ይሉኛል። ለሁለት ፈተና መክፈል ለኪሴም ከባድ ነው። ደግሞስ ስለ ፌሎሺፕ ማሰብ ገና አይደለም ወይ?

የልብ_ፌሎው፦
እህቴ፣ እኔም ዲኦ ነኝ፤ አሁን የካርዲዮሎጂ ፌሎሺፕ ላይ ነኝ። “አንድ ሆኗል” ያሉሽ ግማሽ እውነት አላቸው። የኤምዲና የዲኦ ሬዚደንሲ በ2020 ለሬዚደንሲ ፕሮግራሞች እውቅና በሚሰጠው በኤሲጂኤምኢ ሥር ተጠቃሏል። ማመልከቻሽን የሚያገላብጠው ሰው ግን ያው የድሮው ሰው ሊሆን ይችላል። ኮምሌክስ ላይ 580 ሲያይ ጥሩ ይሁን መጥፎ የማይገባው አለ። የስቴፕ 2 ውጤት ሲያይ ወዲያው ይገባዋል።

ስለዚህ ስቴፕ 2ን ውሰጂ። ስቴፕ 1 ላይ ግን ያን ያህል አልገፋሽም። ከ2022 ወዲህ እሱም ሌቨል 1ም አለፈች ወይም ወደቀች ብቻ ነው የሚሉት፤ ቁጥር የለም። ስቴፕ 1 ሳትወስጂ ስቴፕ 2 መቀመጥ ይፈቀዳል። ሁለቱንም ስቴፕ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች ስላሉ የምትፈልጊያቸውን ድረ ገጽ ገብተሽ እዪ። ኮምሌክስ ላይ ምርጫ የለሽም፤ ሌቨል 1ንና 2ን ሳታልፊ አትመረቂም። ሌቨል 2ንና ስቴፕ 2ን አቀራርበሽ ውሰጃቸው፤ ጥናቱ በአብዛኛው አንድ ነው፣ የሚጨመርብሽ ኦኤምኤም፣ በእጅ የሚሰጠው የኦስቲዮፓቲክ ሕክምና ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ፌሎሺፕ ገና ነው ወይ ብለሻል። ሂሳቡን እዪው፦ ኢንተርናል ሜዲስን ሦስት ዓመት ነው። የካርዲዮሎጂ ማመልከቻ የሚገባው ሦስተኛው ዓመት ሲጀመር፣ በሐምሌ ገደማ ነው። ማቹ፣ ማለትም ማን የት እንደተመደበ የሚታወቅበት ውጤት፣ ታኅሣሥ ላይ ይወጣል። እንግዲህ ምርምር ለመሥራት፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ካርዲዮሎጂስት ለማግኘት ያለሽ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያም ላይ የኢንተርን ዓመት (የሬዚደንሲው አንደኛ ዓመት) መጀመሪያውን ቀንሺ፤ ያኔ መተኛትም ብርቅ ነው።

ስለዚህ ሬዚደንሲ ስትመርጪ የራሱ ካርዲዮሎጂ ፌሎሺፕ ያለበትን አስቀድሚ። ደብዳቤ የሚጽፈውም፣ ስልክ አንስቶ “ይህችን ልጅ ውሰዷት” የሚለውም እዚያው ኮሪደር ላይ ይኖራል። ኢንተርቪው ላይ ሳታፍሪ ጠይቂ፦ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካርዲዮሎጂ የገቡት ስንት ናቸው? የት ገቡ? ስንቱ ዲኦ ነው? “ልጆቻችን ጥሩ ቦታ ነው የሚሄዱት” ብለው ካለፉሽ መልሱን አግኝተሻል። የሬዚደንቶቹንም ዝርዝር እዪ። በሦስቱም ዓመት አንድ ዲኦ ከሌለ፣ የወርቅ ሲግናልሽን (ስታመለክቺ በጣም ለምትፈልጊያቸው ጥቂት ፕሮግራሞች የምትልኪውን የፍላጎት ምልክት) እዚያ አታባክኚ።

የቤተሰብ_ሐኪም፦
ከላይ ያለው ለካርዲዮሎጂ ልክ ነው። ሁሉም ዲኦ ግን ስቴፕ ያስፈልገዋል ብላችሁ ልጆቹን አታስደንግጡ። እኔ ስቴፕ የሚባል አልወሰድኩም። ፋሚሊ ሜዲስን ጨርሼ የአንድ ዓመት ስፖርት ሜዲስን ፌሎሺፕ ሠራሁ፤ በኮምሌክስ ብቻ። በእጄ የተማርኩትን ኦኤምኤም ዛሬም በየቀኑ እጠቀምበታለሁ። የኦስቲዮፓቲክ እውቅና ያላቸው ሬዚደንሲዎችም አሉ፣ ብዙ ሰው ይረሳቸዋል። ደግሞ እህቴ፣ የሦስተኛ ዓመት ሮቴሽን (በየሕክምና ክፍሉ እየዞሩ መለማመድ) ሐሳብ ያስቀይራል። እኔ ቀዶ ሐኪም ልሆን ነበር የገባሁት!

ሁለተኛ_ዓመት፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። ትምህርት ቤታችን የራሱ ሆስፒታል የለውም። ሦስተኛ ዓመት ከግል ክሊኒክ ሐኪሞች ጋር ነው የምንዞረው። ጠንካራ ደብዳቤ ከየት ላምጣ?

የልብ_ፌሎው፦
ይሄ የብዙ ዲኦ ትምህርት ቤት ችግር ነው። ክሊኒክ ውስጥ አንድ ሐኪም ተከትለሽ “ታታሪ ናት” የሚል ደብዳቤ ታገኛለሽ፤ ክብደት የለውም። ቢያንስ አንዱን የኢንተርናል ሜዲስን ሮቴሽን ሬዚደንቶች ያሉበት ሆስፒታል እንዲያደርጉልሽ ክሊኒካል ቢሮውን ከአሁኑ ነዝንዢ። አራተኛ ዓመት ላይ ደግሞ ልትገቢበት የምትፈልጊው ቦታ ሄደሽ ሥሪ፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ። ፕሮግራሞቹ ማመልከቻ ማየት የሚጀምሩት መስከረም መጨረሻ ላይ ስለሆነ ደብዳቤው ይደርስልሻል። አንዳንድ ፕሮግራሞች የዲፓርትመንት ኃላፊ ደብዳቤም ይጠይቃሉ። እናንተ ጋ ማን እንደሚጽፈው ዘንድሮውኑ ጠይቂ፤ መልስ ለማግኘት ጊዜ ይፈጃል።