ፓሪስ ላይ አራት ነፃ ቀን አለኝ፤ የትኞቹን ቤተ ክርስቲያኖች ልይ?

የማርቆሷ

ሰላም ጎበዝ፣ እንዴት ናችሁ። ከደብረ ማርቆስ ነኝ፣ ኮሌጅ ውስጥ የግንባታ ትምህርት አስተምራለሁ። በሚቀጥለው ወር ለስልጠና ፓሪስ እሄዳለሁ። ስልጠናው ሐሙስ ያልቃል፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ ያለው የራሴ ነው። ኤፍል ታወርን ከሩቅም አየዋለሁ፣ ሱቅ ደግሞ ገንዘቡም የለኝ። ማየት የምፈልገው እነዚያን ሹል ሹል የድንጋይ ቤተ ክርስቲያኖች ነው፣ ጎቲክ የሚባሉትን። ስለ ሹል ቅስት ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ ሳስተምር ስንት ዓመቴ፣ አንድም ቀን ግን ከሥሩ ቆሜ ሽቅብ አላየሁም። ያሳፍራል።

ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ የሚመጣልኝ «የግድ ማየት ያለብሽ 25 ቤተ ክርስቲያን» ዓይነት ዝርዝር ነው። 25ቱን ባይ ከእግሬ በቀር የማስታውሰው ነገር የሚኖር አይመስለኝም። ሄዳችሁ ያያችሁ ካላችሁ የትኞቹ ይበቁኛል?

ሌላው ደግሞ እናቴ ናት። ኖትር ዳም ማለት በፈረንሳይኛ «እመቤታችን» ማለት እንደሆነ ከነገርኳት ወዲህ ነገሩ ጉብኝት መሆኑ ቀርቶ ስለት ሆኗል። «ተሳልመሽልኝ፣ ጧፍ አብርተሽልኝ ትመጫለሽ» ብላ ጧፉን ራሷ ፈትላ ሰጥታኛለች። ኦርቶዶክስ ሆኜ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ምን ይደረጋል? ጫማ ይወለቃል? ነጠላስ?

ጣና ዳር

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! እኔ ባህር ዳር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ፓሪስ ለትምህርት ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ምክሬ አጭር ነው፣ ሦስት እዪ። ኖትር ዳም፣ ሳንት ሻፔል እና ሳን ደኒ። ሌላው ትርፍ ነው፣ ከተመቸሽ ብቻ።

ኖትር ዳም መግቢያው በነፃ ነው። በር ላይ «ትኬት ልሽጥልሽ» የሚል ካገኘሽ አጭበርባሪ ነው፣ አትስሚው። በኢንተርኔት ሰዓት ማስያዝ ይቻላል፣ እሱም በነፃ። ሳታስይዢ ብትሄጂም ሰልፉን ትይዢያለሽ እንጂ አትከለከይም። ማለዳ እንደተከፈተ ሂጂ። ግንቡ ላይ መውጣት ግን ሌላ ነው፣ የሚከፈልበትና ቀድሞ የሚያዝ ነው። ከ400 በላይ ደረጃ አለው፣ የማርቆስ ልጅ ዳገት አይከብዳትም ብዬ ነው።

በፈረንጆቹ ሚያዝያ 15 ቀን 2019 ጣሪያው ሲቃጠል ሁላችንም በቴሌቪዥን አይተናል። በታኅሣሥ 2024 እንደገና ተከፈተ። እኔ ከቃጠሎውም በፊት ከዚያም በኋላ ገብቼበታለሁ፣ እውነቱን ልንገርሽ ሌላ ቤት መሰለኝ። ድሮ ውስጡ ጥቁር ነበር፣ የስንት ዘመን አቧራና የሻማ ጢስ። አሁን ድንጋዩ ታጥቦ ገና ትናንት የተጠረበ ይመስላል። አንዳንዱ «ሽበቱን ላጩት» ብሎ ይቆጫል፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ሲሠሩትም እኮ ነጭ ነበር!

የእናትሽን ነገር በተመለከተ፣ ጫማ አይወለቅም። ወንድ ባርኔጣውን ያወልቃል። ነጠላ ብትለብሺ የሚከለክልሽ የለም፣ ባትለብሺም የሚናገርሽ የለም። ወንድና ሴት ተቀላቅሎ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ሻማ እነሱ ጋ ተዘጋጅቷል፣ ሳንቲም ሣጥን ውስጥ ጥለሽ ታበሪያለሽ። የራስሽን ጧፍ ግን ሳትጠይቂ እንዳትለኩሺ፣ በእሳት የተቃጠለ ቤት ነው! ቁርባን ሲሰጡ ደግሞ ሰው ተሰለፈ ብለሽ እንዳትሰለፊ፣ እኛ ከእነሱ አንቆርብም፣ እነሱም ያውቁታል። ቁጭ ብሎ መጸለይ ግን የማንም ነው።

አባይ ማዶ

ሳክሬ ከርን ረሳችሁት? ኮረብታው ላይ ያለው ነጩ! ከተማውን ሁሉ የምታዪበት! እኔ ፎቶ የተነሳሁት እዚያ ነው፣ ፓሪስ ሄዶ እሱን ያላየ አልሄደም በሉት።

ጣና ዳር

ወንድሜ ቆንጆ ነው ግን ጎቲክ አይደለም። ያለቀው በ1914 ነው፣ ጉልላቱ ክብ፣ አሠራሩ ወደ ቢዛንታይን የሚያደላ። ጠያቂዋ ሹሉን ነው ያለችው።

አባይ ማዶ

እሺ መምህር ፎቶዬን አጥፋልኝ 😂

ቁም ነገር ልናገር፣ ሜትሮ ውስጥ ቦርሳሽን ከፊት ያዢ። ጓደኛዬ ስልኩን በሩ ሊዘጋ ሲል ከእጁ ነው የነጠቁት። ጎብኚ የሚበዛበት ቦታ ላይ ወረቀት ይዘው «ፈርሚልን» የሚሉ ልጆችም አሉ፣ አንዷ ስታስፈርምሽ ሌላዋ ኪስሽ ውስጥ ናት። አልፈሽ ሂጂ።

የቅኔ ቤት ሰው

ልጄ፣ እኔ ሸምግያለሁ፣ በልጅነቴ ዋሸራ ቅኔ ቆጥሬአለሁ፣ ኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ዞርኩ። ልጆቼ ጋ ስሄድ ሳን ደኒን አይቼዋለሁና ስለእሱ ትንሽ ልጻፍ፣ ሰው ሁሉ ኖትር ዳም እያለ እሱን ይዘለዋልና።

ጎቲክ የተጀመረው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ሱጄር የሚባል የገዳሙ አበምኔት ነበር። አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ጠቦት ጨለማ ሆኖበት የመሠዊያውን ክፍል እንደገና አሠራ፣ በ1144 ተባረከ። ከዚያ በፊት ግድግዳ ማለት ወፍራም፣ መስኮት ማለት ቀዳዳ ነበር። ሱጄር ግድግዳውን ወደ መስኮትነት ለወጠው። ለምን ቢባል፣ ሰውየው ብርሃን ወዳድ ነበር። በነሐስ በሩ ላይ ያስቀረጸው ግጥም አለ፣ ሐሳቡ የደነዘዘ ልቡና በሚታየውና በሚጨበጠው ነገር ተመርቶ ወደ እውነተኛው ብርሃን ይወጣል የሚል ነው። ልጄ ሲተረጉምልኝ «አንተ፣ ይሄ እኮ ሰምና ወርቅ ነው!» አልኩት ጮክ ብዬ፣ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መስኮቱ ላይ ያለው ቀለም ሰሙ ነው፣ ወርቁን የሚያገኘው ቆሞ የታገሰ ነው። የኔታ ቢኖሩ «ፈረንጅም ቅኔ ዘረፈ» ይሉ ነበር።

እኛ ጎጃም የለመድነው ሌላ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየሽ እንደሆነ፣ ቤቱ ክብ ነው፣ ከቅኔ ማሕሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ እያለ ወደ ውስጥ ይጠልቃል፣ ሥዕሉም የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን ለብሶታል። የእኛ ምሥጢሩን በመጋረጃ ይሸፍናል። የእነሱ ቤት ደግሞ ወደ ምሥራቅ ይረዝማል፣ ወደ ላይ ይዘረጋል፣ ሥዕሉን መስታወት ላይ አድርጎ ፀሐይን ተራኪ ያደርጋታል። ሁለቱም ፊደል ያልቆጠረውን ሕዝብ ለማስተማር ነው። እኔ የትኛው ይበልጣል አልልም፣ ግን የዑራን ሥዕል በቅጡ አይቶ ያልሄደ ሰው እዚያ ሄዶም ብዙ አያይም ባይ ነኝ።

ሳን ደኒ የፈረንሳይ ነገሥታት መቃብርም ነው። ከ70 በላይ የተጋደሙ የድንጋይ ምስሎች አሉ፣ ንጉሡ ከነዘውዱ፣ አንዳንዱ እግሩ ሥር ውሻ ተኝቶ። ወደ መቃብሩ ለመግባት ይከፈላል፣ ፊት ለፊቱ ያለው አዳራሽ በነፃ ነው። የምድር ባቡሩ 13ኛ መስመር በሩ አጠገብ ያወርድሻል። ከውጭ ስታዪው አንድ ግንብ ብቻ ስላለው ያላለቀ ይመስልሻል። የሰሜኑ ግንብ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፈርሶ ነው።

የማርቆሷ

አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንቱ የጻፉትን ለተማሪዎቼም አነብላቸዋለሁ። «ግድግዳውን ወደ መስኮትነት ለወጠው» ያሉት ላይ ቆየሁ። ለክፍሌ ቀላል አድርጎ ማስረዳት የሚያቅተኝ እሱ ነው፣ ያ ሁሉ የድንጋይ ጣሪያ መስታወት ላይ እንዴት ይቆማል የሚሉኝ ልጆች አሉ።

የዘጌ ቡና

እኔ ግንበኛ ነኝ፣ በእጄ ነው የተማርኩት፣ እስቲ እኔ ልሞክር። መስታወቱ ላይ አልቆመም። ክብ ቅስት ሸክሙን ወደ ጎን በጣም ይገፋል፣ ለዚህ ነው የጥንቱ ግድግዳ እንደ ምሽግ የወፈረው። ቅስቱን ሹል ስታደርጊው ግፊቱ ይቀንስና ሸክሙ ወደ ታች ይወርዳል። ጣሪያው ላይ እንደ ዣንጥላ ብረት የተዘረጉ የድንጋይ ጎድኖች አሉ፣ ሸክሙን ሰብስበው ዓምዱ ላይ ያራግፉታል። የተረፈውን ወደ ጎን የሚገፋውን ደግሞ ከውጭ በኩል የቆሙት ተንጠልጣይ ቅስቶች ይቀበሉታል። የዘመመ ጎጆ ከጎኑ ባላ ተክለን እንደግፍ የለ? እሱው ነው፣ ባላው ከድንጋይ ተሠርቶ በአየር ላይ ተዘረጋ። ሸክሙ መሄጃ ካገኘ በዓምድና በዓምድ መካከል ያለው ግድግዳ ሥራ ፈታ ማለት ነው። ሥራ ከፈታ መስታወት አድርጊው።

ይሄን ለማየት ኖትር ዳም ከፊት ለፊት አትቁሚ፣ ሰው ሁሉ እዚያ ይቆምና ሁለቱን ግንብ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። በጀርባ ዙሪ፣ በምሥራቅ በኩል ወንዙን ተሻግረሽ እዪው። ባላዎቹ ሁሉ እዚያ ናቸው።

እናትሽ ደግሞ ፎቶ ላይ አፋቸውን የከፈቱ አውሬዎች አይታ «ሰይጣን ጣሪያ ላይ ምን ይሠራል» ካለች፣ አሸንዳ ናቸው በያት። የዝናቡን ውሃ ከግድግዳው አርቀው በአፋቸው ይተፉታል። ግንቡ ላይ እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ከተማውን የሚያየው ቀንዳም ግን አሸንዳም አይደለም፣ የጥንት ሥራም አይደለም፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው አርክቴክት ሲያድሰው የጨመረው ጌጥ ነው።

ጣና ዳር

የዘጌው፣ አንተ እያለህ እኔ ምን አስለፈለፈኝ!

ሳንት ሻፔልን ሳልነግርሽ አልሂድ። ከኖትር ዳም የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ንጉሥ ሉዊ 9ኛ የክርስቶስን የእሾህ አክሊል በ1239 አስመጣና ማስቀመጫ ብሎ አሠራው፣ በ1248 ተባረከ። ለአክሊሉ የከፈለው ገንዘብ ሕንፃው ከፈጀው በብዙ ይበልጣል። አሁን አክሊሉ ያለው ኖትር ዳም ነው። የወሩ የመጀመሪያ ዓርብ ከገጠመሽ ከሰዓት በኋላ ለምእመናን ይወጣል፣ ለእናትሽ ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ማስጠንቀቂያ፣ ስትገቢ መጀመሪያ የምታገኚው ምድር ቤቱን ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ የቤተ መንግሥቱ ሠራተኞች የሚጸልዩበት የነበረ። «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ፎቶ አንስቶ የወጣ ሰው አውቃለሁ። ጠባቧን ጠመዝማዛ ደረጃ ፈልገሽ ውጪ። ላይኛው የንጉሡ ነው። 15 መስኮት፣ እያንዳንዱ 15 ሜትር፣ ከ1100 በላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ። ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። ደመና ከሆነ ቀኑን ቀይሪ፣ ያለ ፀሐይ ግማሹን ነው የምታዪው። ትኬቱን አስቀድመሽ ያዢ፣ ዋጋው ስለሚቀያየር ድረ ገጻቸው ላይ እዪ። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ፍተሻው ጠንካራ ነው፣ መቀስ፣ ቢላ፣ የመስታወት ጠርሙስ አትያዢ።

ጊዜ ከተረፈሽ ከወንዙ ማዶ ሳን ሴቨራን አለ፣ በነፃ ነው፣ ሰው አይበዛበትም። ከመሠዊያው ጀርባ እንደ ዘንባባ ግንድ የተጠማዘዘ አንድ ዓምድ አለ፣ ለግንባታ መምህር ይሆናል። ሰኞን ትልቅ ጎቲክ ካቴድራል ላለባት ለሻርትር ከተማ ስጪው፣ ከሞንፓርናስ ባቡር ጣቢያ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

የማርቆሷ

ሄጄ ተመልሻለሁ! ዕዳዬን ልክፈል።

ሦስቱን አየሁ፣ ሳን ሴቨራንን ጨመርኩ፣ ሻርትር አልሄድኩም። ሰኞን ሳንት ሻፔል ደግሜ ገባሁበት፣ ቅዳሜ ደመና ነበርና። አይቆጨኝም። ቅዳሜ ያየሁት ሥዕል ነበር፣ ሰኞ ግን ፀሐዩ ወጣና መሬቱ ላይ ቀይና ሰማያዊ ወደቀ፣ ነጠላዬም ላይ። አንዲት ሕፃን መጥታ ቀለሙን ከነጠላዬ ላይ ልትለቅመው ሞከረች።

የዘጌው፣ ኖትር ዳምን በጀርባ ዞሬ አየሁት። ከወንዙ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ባላዎቹን ደብተሬ ላይ ስሥል ሁለት ሰዓት ሄደብኝ። አባቴ የቅኔ ቤቱ፣ ሳን ደኒ ስገባ ከእኔ ሌላ አምስት ሰው ብንሆን ነው። አንቱ እንዳሉት ቆሜ ታገስኩ። ወርቁን አገኘሁት አልልም፣ ሰሙን ግን አየሁ።

ኖትር ዳም ውስጥ በሰሜን በኩል ያለው ትልቁ ክብ መስኮት ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ መሃል ላይ ናት፣ ዙሪያዋን የብሉይ ኪዳን ነቢያትና ነገሥታት ከበዋታል። ከ1250 ገደማ ጀምሮ እዚያው ያለች ናት፣ እሳቱም አልነካት። ከእሷ ሥር ቆሜ ለእናቴ ተሳለምኩላት። ሻማ የእነሱን አበራሁ፣ ጧፉን መልሼ አምጥቼ ማርቆስ አበራነው።

ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳየኋት። ስለ ሱጄር፣ ስለ ሹል ቅስት፣ ስለ አክሊሉ ተረኩላት። ዝም ብላ አየችና የሳንት ሻፔል ፎቶ ላይ ስትደርስ ስልኩን ከእጄ ወስዳ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

«ይሄን ሁሉ መስታወት ማነው የሚወለውለው?»

የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ በየቀኑ እየጠየቀችኝ ነው።