የዴስክቶፑ ድምፅ ጠፋ? «ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት

ዴስክቶፕ ድምፅ አልሰጥ ሲል ብዙ ጥገና ቤት መልሱ አንድ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ»። አንዳንዴ ይሠራል። የተበላሸው ሃርድዌሩ ከሆነ ግን ፎርማት ምንም አይፈይድም፤ ፋይላችሁም በከንቱ ይጠፋል። ቤት ውስጥ በነጻ የሚሞከረውን መጀመሪያ ሞክሩ።

ስፒከሩን ስልክ ላይ ሰክታችሁ አረጋግጡ። ደህና ከሆነ በዊንዶውስ 10 ወይም 11 ሰዓቱ አጠገብ ያለውን የስፒከር ምልክት ተጫኑና ድምፁ በየት እንዲወጣ እንደተመረጠ እዩ። ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ከተገናኘ ድምፁ ወደዚያ ሄዶ ይሆናል። ሞኒተሩ ስፒከር ከሌለው፣ ጭጭ! ጃኩም ከኋላ አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ይሁን፤ ሮዙ የማይክ ነው።

ችግሩ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከድምፅ ክፍሉ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከሆነ፣ ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። ዴል ኮምፒውተር ከሆነ ኬዙ ላይ የተለጠፈውን ሰርቪስ ታግ (የኮምፒውተሩን መለያ) እዚያ ማስገባት ይበቃል። «ሁሉንም ድራይቨር በአንዴ» የሚሉትን ፕሮግራሞች እኔ አልወዳቸውም፤ ያላዘዛችሁትን ሁሉ ይዘው ይገባሉ።

ይሄ ሁሉ አልሆነም እንበል። የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ሳውንድ ሞቶ ሊሆን ይችላል። የእኔ ምርጫ የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ነው፤ በማዘርቦርዱ ፋንታ ድምፁን እሱ ያወጣል። እንደ ፍላሽ ይሰካል፣ አብዛኛው ያለ ድራይቨር ይሠራል፣ ነገ ሌላ ኮምፒውተር ብትገዙ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ስም የሌለው ርካሹ ለዙምና ለፊልም ይበቃል፤ ኢርፎን ስታደርጉ ግን ትንሽ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ሊኖረው ይችላል። ያ የሚረብሻችሁ ከሆነ ጨመር አድርጋችሁ ዩግሪን ወይም ክሪኤቲቭ የሚባሉትን ብራንዶች ፈልጉ። መዝሙር ወይም ፖድካስት ለምትቀዱ ግን እንደ ፎከስራይት ስካርሌት ያለ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (የቀረጻ ማይክ የሚሰካበት የድምፅ መሣሪያ) ነው የሚያዋጣው።

ውስጥ የሚገባ ካርድ ሊሸጡላችሁ ከሞከሩ የኬዙን ስፋት አስቡ። ያገለገሉት ቀጫጭን የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ለምሳሌ ቀጭኑ የዴል ኦፕቲፕሌክስ (SFF የሚባለው)፣ አጭሩን ካርድ ብቻ ነው የሚቀበሉት። ብሉቱዝ ስፒከርስ? ለዘፈን ጥሩ ነው። ግን ብዙ አሮጌ ዴስክቶፕ ብሉቱዝ የለውም፤ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ትንሽ የብሉቱዝ ዶንግል ተጨማሪ ትገዛላችሁ። ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ደግሞ ድምፁ ከምስሉ ወደኋላ ስለሚቀር አልመክረውም።

መርካቶ የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ አስሰክታችሁ፣ በራሳችሁ ኢርፎን ሰምታችሁ ውሰዱ። ማይኩንም አስሞክሩ፤ ብዙ ሰው እሱን ይረሳል። ሌላ ቦታም ብትገዙ ያው ነው፤ ካልሠራ እንደሚቀየር ደረሰኙ ላይ አስጽፉ።

ማዘርቦርድ ቀይሩ ከተባላችሁ ግን ቆም በሉ። ለድምፅ ብቻ ከሆነ አያዋጣም። የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹም አብረው እምቢ ካሉ፣ ያኔ ተነጋገሩ።