የሩዋንዳ ክሪኬት፦ ስፖርት ነው ወይስ ደጅ ጥናት?

ናቲ ጉለሌ፦ ትናንት ማታ ታክሲ ውስጥ የስፖርት ፕሮግራም ተከፍቶ ነበር። አቅራቢው ስለ ሩዋንዳ ክሪኬት፣ ያ በዱላ ኳስ የሚመታበት የእንግሊዞች ጨዋታ፣ ተጠየቀና «እሱ እኮ የእንግሊዝ ደጅ ጥናት ነው፣ ስፖርት አይባልም» ብሎ ሳቀ። በቃ፣ ወደ ዝውውር ዜና አለፈ። ደሜ ፈላ። እነዚህ ልጆች እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ19 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ገብተው ዌስት ኢንዲስን አሸንፈዋል። የካሪቢያን ደሴቶችን የጋራ ቡድን! 70 ነጥብ ብቻ እንዳገኙ መቺዎቻቸውን ሁሉ ከጨዋታ አስወጥተው። ይሄ ደጅ ጥናት ከሆነ እኛም እንጥና።

ማሂ፦ ሰውዬው ምን አጠፋ? ዓመቶቹን ተመልከት። 2008 ላይ ትምህርቱን ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ አዞሩ። 2009 ላይ የቀድሞ የእንግሊዝ ግዛቶች የበዙበት ማኅበር፣ ኮመንዌልዝ ገቡ። 2017 ላይ ኪጋሊ፣ ጋሃንጋ ውስጥ የክሪኬት ሜዳ ተመረቀ፣ ገንዘቡን ያሰባሰበው የእንግሊዞች በጎ አድራጎት። ሁሉም ግጥምጥሞሽ ነው በለኛ።

ናቲ ጉለሌ፦ 1999ን ለምን ዘለልሽው? የክሪኬት ማኅበራቸው የተቋቋመው ያኔ ነው። ከኮመንዌልዙ 10 ዓመት ቀድሞ። ደጁ ሳይታወቅ ይጠናል እንዴ?

ማሂ፦ በ1999 ማን ነበር የሚጫወተው? ከእንግሊዝ የቀድሞ ግዛት ከኡጋንዳ የተመለሱት። አገሩን የያዙትስ ከየት መጡ? ደጁን በደንብ ያውቁታል።

መድፈኛው፦ በእኛ በአርሰናል እጅጌ ላይ 2018 ላይ «ሩዋንዳን ይጎብኙ» ተጻፈ። በዚህ ግን ማንም ደጅ አልጠናም፣ ከፍለው ነው የገቡት 😎

ማሂ፦ አመሰግናለሁ መድፈኛው፣ ነጥቡን አስቆጠርክልኝ። አገር ስሙን ለማሳመር የሚከፍለው ገንዘብ። ክሪኬቱም የዚያው ዘመድ ነው።

መድፈኛው፦ አንቺ ደግሞ የማንቼ ደጋፊ መሆንሽ ከሩቅ ያስታውቃል።

ማሂ፦ ኳስ አላይም።

መድፈኛው፦ አላልኩም? የማንቼ ደጋፊ ሁሉ ሰሞኑን ኳስ አላይም ነው የሚለው።

ሳሮን ከኪጋሊ፦ እዚሁ ስለምኖር ልናገር። ጨዋታው የመጣው በመንግሥት መመሪያ አይደለም። ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛኒያ በስደት ያደጉ ሰዎች ናቸው ከ94ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ይዘውት የገቡት። ሰው ከስደት ሲመለስ የለመደውን ይዞ ነው። መጀመሪያ የሚጫወቱት እዚሁ ኪጋሊ፣ ኪቹኪሮ፣ የድሮው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነበር። ያ ግቢ ማለት በሚያዝያ 1994 ከ2 ሺህ በላይ ሰው ተጠልሎበት፣ የቤልጅየም ወታደሮች ጥለውት ሲሄዱ ለገዳዮች የቀረበት ነው። እዚያ ሣር ላይ ክሪኬት የጀመረን ሰው «ደጅ ጠኚ» ማለት ይከብደኛል።

ጋሃንጋንም ሂዳችሁ እዩት። ከሜዳው ዳር ሦስት ቅስት ጣሪያዎች አሉ፣ ኳስ ነጥራ ነጥራ የሄደችበትን መስመር ተከትለው የተሠሩ። ጡቡ የአገሩ አፈር ነው። ትንሽ ሲሚንቶ ጨምረው፣ በማሽን ጨምቀው፣ እሳት ሳይነካው። የደረደሩት ደግሞ የአገሬው ሠራተኞች።

ማሂ፦ አፈሩ የእነሱ፣ ፓውንዱ የለንደን። ሳሮንዬ፣ ስለ ኪቹኪሮ ያልሽውን አልነካም፣ ከባድ ነው። ግን ክርክሩን በእሱ መዝጋት አይቻልም።

ናቲ ጉለሌ፦ ፓውንድ ፓውንድ አትበይ። የወንዶቹ አምበል የነበረው ኤሪክ ዱሲንጊዚማና ለዚያው ሜዳ ገንዘብ ለማሰባሰብ በ2016 ለ51 ሰዓት ኳስ ሲመታ ቆየ። ሁለት ቀን ከሦስት ሰዓት! ያኔ የዓለም ክብረ ወሰን ነበር። ሰውዬው ሲቪል መሐንዲስ ነው፣ ሥራ ያለው።

ማሂ፦ 51 ሰዓት ቆሞ ገንዘብ መጠየቅ ታዲያ ምንድነው? እኔ እኮ ሌላ ስም አላወጣሁለትም 😂

ናቲ ጉለሌ፦ አይ አንቺ! ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ጥላ ዘቅዝቆ የሚቆመውም ደጅ ጠኚ ነዋ?

ማሂ፦ ቤተ ክርስቲያን አታስገባ። ይልቅ ይሄን መልስ። 2019 ላይ ኪጋሊ ውስጥ የሩዋንዳ ሴቶች ማሊን 6 ነጥብ ላይ አስወጧት። ስድስት! ከዚያ የመምታቱ ተራ ሲደርሳቸው 4 ኳስ ብቻ ተወርውሮላቸው አሸነፉ። ያም ዓለም አቀፍ ጨዋታ ተብሎ ተመዘገበ። ዓለም አቀፉ የክሪኬት ፌዴሬሽን ለአባል አገር ሁሉ ማዕረጉን ስላደለ «እድገት» ይባላል?

ሳሮን ከኪጋሊ፦ ያ ውድድር የጭፍጨፋው መታሰቢያ ነው፣ በየዓመቱ ይደረጋል። ማሊ ጀማሪ ነበረች። ከአራት ዓመት በኋላ ግን የእኛዋ የሩዋንዳ ልጅ ሄንሪዬት ኢሺምዌ በተከታታይ በወረወረቻቸው 4 ኳሶች 4 የዚምባብዌ ተጫዋቾችን አስወጣች፣ ናቲ ባነሳው ዓለም ዋንጫ። ዚምባብዌ ጀማሪ ናት?

ጋሽ ተሾመ፦ ልጆች፣ አንድ ነገር ልበል። እኛን በጃንሆይ ጊዜ ሂሳብና ሳይንስ ያስተማሩን ህንዶች ናቸው። በየጠቅላይ ግዛቱ ነበሩ። ክሪኬት የሚወድ ሕዝብ ነው፣ ጨዋታው ግን አልቀረልንም። እንግዳ ያመጣው ከእንግዳው ጋር ይሄዳል። ሩዋንዳ የሰመረው የገዛ ልጆቿ ይዘውት ስለገቡ ነው። በዚህ ሳሮን ልክ ናት።

ናቲ ጉለሌ፦ ጋሽዬ ይኑሩልን!

ማሂ፦ ጋሽ ተሾመ፣ እርስዎን አከብራለሁ። እግር ኳስንስ እንግዳ አይደለም ያመጣልን? ለምን አልሄደም?

ጋሽ ተሾመ፦ ኳስ በካልሲ ጨርቅ ይሠራል ልጄ። ያንን ዱላና መከላከያ ማን ይገዛል?

ማሂ፦ እኮ! የሚገዛ ሰው ያስፈልጋል። ገዢው ለንደን ነው። ወደ እኔ መጡ።

መድፈኛው፦ ዋልያዎቹ ለዓመታት «የሜዳችንን» ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወቱ ከርመው እናንተ የሩዋንዳን ሜዳ ማን ሠራው ትላላችሁ። ለንደን ለእኛም አንድ ይሥራልን፣ ማርያምን አልጠይቅም።

ናቲ ጉለሌ፦ ማሂ፣ የመጨረሻ። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ከአንዲት በቆጂ ነው የወጡት። አንድ ቦታ ይበቃል። ጋሃንጋም እንደዚያ ነው።

ማሂ፦ በቆጂን ማን መርቆ ከፈተላት? ሪባን የቆረጠ እንግሊዝ ካለ ፎቶውን ላክልኝ።

ናቲ ጉለሌ፦ ዌስት ኢንዲስን ስንት ላይ እንዳስወጡ አንዴ ጻፊልኝና እልክልሻለሁ።

ማሂ፦ 70። ፎቶውስ?