ሳሎናችን ውስጥ የተጀመረውን ኅብረት ወደ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እናሳድገው? (ኮዬ ፈጬ)

ጥያቄ፦ ወንድም ከኮዬ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። እኔና ባለቤቴ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከገባን ሁለት ዓመት አለፈን። እናት ቤተ ክርስቲያናችን መሀል ከተማ ናት፤ እሑድ ልጆች ይዘን ሦስት ታክሲ ስንቀያይር ዝማሬው አልቆ እንደርሳለን። ስለዚህ ረቡዕ ማታ ሳሎናችን ውስጥ ከጎረቤት ቤተሰብ ጋር መጸለይ ጀመርን። ዛሬ 19 ደርሰናል፤ ሶፋውን መኝታ ቤት አስገብተን ምንጣፍ ላይ ነው የምንቀመጠው። አራቱ ጌታን የተቀበሉት እዚሁ ነው።

አሁን አንዳንዶቹ «አዳራሽ እንከራይ፣ ኪቦርድና ድምፅ ማጉያ እንግዛ» ይላሉ። አንድ ወንድም የስድስት ወር ኪራይ ልክፈል ብሏል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ሲዘመር ሁሉም አለ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ግለጡ ሲባል ግን ግማሹ ገጹን ያጣዋል። ከታች ያለችው ጎረቤታችንም ጩኸቱ በዝቶባት ለኮሚቴው ተናግራለች። ከምን እንጀምር?

ወንጌላዊ ከገላን

ወንድሜ፣ ለእናት ቤተ ክርስቲያንህ ሽማግሌዎች ነግረሃል? ጥያቄህ ውስጥ አላየሁትም። የአንጾኪያ ምእመናን በርናባስንና ሳውልን ጾመውና ጸልየው፣ እጅ ጭነው ነው የላኳቸው (ሐዋ. 13፥3)። ያለ ቡራኬ የወጣ ኅብረት «ተገንጥለው የወጡት» ይባላል፤ ስሙ ቶሎ አይለቅም። ደግሞም ከላኳችሁ በእነርሱ ምዝገባ ሥር አጥቢያ ሆናችሁ መቀጠል ትችላላችሁ።

አዳራሽ ከመከራየታችሁ በፊት ቦታው በአዲስ አበባ ሥር ነው ወይስ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በሸገር ከተማ ሥር ብላችሁ አጣሩ። እናንተ አካባቢ ወሰኑ ያምታታል፤ ደብዳቤ ይዛችሁ የማይመለከተው ወረዳ ደጅ እንዳትጠኑ።

እህት ከቡራዩ

እኛ በ23 ሰው ቆርቆሮ አዳራሽ ተከራይተን ነበር። ኪራይ፣ ወንበር፣ ጄኔሬተር። እሑድ በመጣ ቁጥር ዓይናችን ከሰው ላይ ተነሥቶ የመባ ሣጥኑ ላይ አረፈ። ዓመት ሳይሞላ አከራዩ ጨመረ፤ ወንበሩን ሸጠን ወደ ቤት ተመለስን። ብዙ አልቅሻለሁ።

ከዚያ በኋላ ከሁለት እህቶች ጋር ማክሰኞ ማክሰኞ መገናኘት ጀመርኩ። ቡና እናፈላለን፣ ከማርቆስ ወንጌል ጥቂት ቁጥር እናነባለን። ኢየሱስን እንዴት አየሽው? በዚህ ሳምንት ምን ትታዘዣለሽ? ለማን ትነግሪያለሽ? በቀጣዩ ማክሰኞ «ያልሽውን አደረግሽ?» ብለን እንጀምራለን፤ ሳናደርግ ከቀረን ወደ አዲስ ክፍል አንሄድም።

አንዷ ከአማቷ ጋር ሦስት ዓመት ተኳርፋለች። ማርቆስ 11፥25 ላይ፣ ለጸሎት ስትቆሙ ይቅር በሉ የሚለው ጋ ስንደርስ ስኒዋን አስቀምጣ ዝም አለች። በቀጣዩ ማክሰኞ አርፍዳ መጣች፤ አማቷ ከጓሮ የቀነጠሱላትን ጎመን በፌስታል ይዛ። ዛሬ እሷ ራሷ ሌሎች ሁለት ሴቶችን ይዛለች። 19 ሰው በአንድ ሳሎን ማስተማር ያደክምሃል፤ ሦስት ሰው ግን በደንብ መያዝ ትችላለህ።

አባት ከሰበታ

ልጄ፣ እኔ የደርግን ዘመን በወጣትነቴ አይቻለሁ። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ አባላቷ 5,000 ያህል ነበሩ፤ በ1983 ዓ.ም. በግልጽ ስትሰበሰብ ወደ 34,000 ደርሰው ነበር። አዳራሾቿ ተወርሰው፣ ሰው በየቤቱ በትንንሽ ቡድን እየተገናኘ። እኛም መዝሙር በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። ስለዚህ ኪቦርዱ ይቆይ። ለጎረቤትህ ኮሚቴ አትጠብቅ፤ ራስህ ሂድ፣ ይቅርታ ጠይቃት።

ግን እህቴ ከቡራዩ፣ ቤት ውስጥ ብቻ ይቅሩ ካልሽ አልስማማም። ሰው ይጋባል፣ ልጅ ይወልዳል፣ ይሞታል። ሽማግሌ፣ ጥምቀት፣ የጌታ እራት፣ የቀብር ቦታ ያስፈልጋል። ሐዘን በደረሰ ቀን መሯሯጥ ከባድ ነውና የብሎካችሁ ዕድር ውስጥ ከአሁኑ ግቡ፤ ድንኳን ስትተክሉና ስታስተዛዝኑም ሰፈሩ ያውቃችኋል።

ወጣት ከቱሉ ዲምቱ

ስለ ኪራዩ፦ ወንድም በቅንነት ይሆናል፣ ግን ብቻውን የከፈለ ሰው ሳያስበው የቤቱ ባለቤት ይሆናል። ሁላችሁም ጥቂት ጥቂት አዋጡ፣ ሁለት ሰው ይቁጠረው፣ ይጻፍ።

ደግሞ ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያሉትን ቤተሰቦች አትርሱ። በአፋን ኦሮሞ የሚጸልይ አንድ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ከእነርሱ ጋር እርሱ ይጀምር። በአማርኛ ካልሆነ አትምጡ ማለት ይሆንብናል። ሌላ አጥቢያ ያላቸውን ግን አትጥሩ፤ የበግ ሽሚያ ሰፈር ያጣላል።

ወንድም ከኮዬ

ተባረኩልኝ። ሽማግሌዎቹ ለቅዳሜ ቀጠሮ ሰጥተውናል። ጎረቤታችን ነርስ ኖራለች፤ ረቡዕ ሌሊት ተረኛ ስለሆነች የምትተኛው ልክ እኛ በምንዘምርበት ሰዓት ነው። ሁለት ዓመት አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ። ወደ ሐሙስ አዛውረናል። ከሦስት ወንድሞች ጋርም ማርቆስን ጀምሬያለሁ፤ አንዱ ማንበብ አይችልም። እርሱን እንዴት ልያዘው?

እህት ከቡራዩ

በድምፅ የተቀዳውን መጽሐፍ ቅዱስ ስልኩ ላይ ጫንለት። ሁለቴ አዳምጡት፣ ከዚያ ታሪኩን በራሱ አፍ ይንገራችሁ። ከእኔ ጋር ካሉት አንዷ እንዲሁ ናት፤ ማርቆስን ከሁላችንም አብልጣ የያዘችው እሷ ናት።